አባሪ ሦስት

አዴ ጂቱ በሩን ከፍተው ሦስታችንን ሲያዩ፣ "አካም ቡልተን"፣ እንዴት አደሩ፣ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። የደከማቸው መስሎኝ ላነሳቸው ጎንበስ አልኩ። እጄን ገፉትና ማልቀስ ጀመሩ።

የሄድኩት ለማስተርስ ጥናቴ ነበር። የሴቶችን የለቅሶ ግጥም እሰበስባለሁ። ጉደር ውስጥ የድሮውን ለቅሶ ከአዴ ጂቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም ብለውኝ ነው። ሰው ቤት ብቻዬን መግባት አልችልም፤ እግሬ ደጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የእድሩን ዳኛ ኦቦ ዋቅቶላንና ጎረቤታቸውን አዴ ጉዴን እንዲያስተዋውቁኝ ለመንኳቸው። ኦቦ ዋቅቶላ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስለነበረባቸው በማለዳ እንሂድ አሉ። የእድር ዳኛ በማለዳ፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ አሮጊት፣ ከኋላ አንዲት የማትታወቅ ልጅ። በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣው መርዶ ነው። የአዴ ጂቱ ልጅ ዓብዲሳ ደግሞ በ2013 ለሥራ ወደ ባኮ ሄዶ ስልኩ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ሞቷል ያለም፣ አለ ያለም ሰው የለም።

"ተማሪ ነኝ" ማለት ይበቃ ነበር። አልወጣኝም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ እየቀዳ ነበር። ሰው ፊት አውጥቼ መቅዳት ስለሚያሳፍረኝ ሁልጊዜ ደጅ ላይ አብርቼው ነው የምገባው፤ ፈቃዱን የምጠይቀው ከገባሁ በኋላ ነው።

አራት ደቂቃ ያህል አለቀሱ፣ በኦሮምኛ። ጫማውን በየሳምንቱ ያጥቡለታል፤ ውሃው ግን ጭቃ አውጥቶ አያውቅም። በሕልማቸው ሲመጣ ፊቱን ያዞርባቸዋል፤ ምን እንዳጠፉ ይንገራቸው። ወደ አማርኛ ሳመጣው ይህን ይመስላል እንጂ እንደዚህ አልነበረም።

"ጂቱ፣ ተይ፣ እሱ አይደለም" አሉ ኦቦ ዋቅቶላ በመጨረሻ። "ይቺ ልጅ ተማሪ ናት።"

"ምን?"

"የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ግጥም ፈልጋ ነው።"

አዴ ጂቱ ፊታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ታዲያ አልሞተም?"

"እኛ የምናውቀው ነገር የለም።"

"በቁሙ አለቀስኩበት በሉኛ።" አንድ በአንድ አዩን። "ይሄ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። አንቺም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚሁ ይቅር።"

"እሺ" አልኩ።

ስንመለስ ኦቦ ዋቅቶላ፣ "እንደው አንቺ ልጅ፣ አፍሽን የት ጥለሽው መጣሽ?" አሉኝ።

"አንተስ?" አሉ አዴ ጉዴ። "በማለዳ እንሂድ ያለው ማን ነበር?"

አማካሪዬ ዶክተር ዘሩባቤል የሥነ ጽሑፍና ሥነ ምግባር ኮርስ ያስተማሩን ናቸው። ታሪክ ያነበበ ሰው ካላነበበው የተሻለ ሰው ይሆናል ወይ የሚለውን ጥያቄ ግማሽ ሴሚስተር አከራክረውናል። እኔ አንድም ቀን አልተናገርኩም፤ ይሆናል ብዬ ግን አምን ነበር። ከአዴ ጂቱ በፊት የሰበሰብኳቸውን አሥራ አንድ ግጥሞች አንብበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧቸው። ሴቶቹ ስለጠየቅኳቸው ነበር ያለቀሱልኝ፤ አንዳንዶቹ መሐል ላይ ይስቁ ነበር።

"ይሄ ለቅሶ አይደለም" አሉ ዶክተር። "እጅ አውጥቶ ጥያቄ መመለስ ነው። በዚህ ለዲፌንስ አትቀርቢም።"

ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ካለፈኝ የትምህርት ዕድሉ ይቃጠላል።

"ሌላ አንድ አለ" አልኩ።

ኦሮምኛ ከእኔ የተሻለ ይችላሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙ። ሲያበቃ "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት።

"ፈቃድ የለኝም፣ ዶክተር። እንዳይወጣ ብለውኛል።"

"ስም ጥቀሺ ማን አለሽ? መረጃ ሰጪ አሥራ ሁለት በይ።"

"ሥነ ምግባሩስ?"

"ምዕራፍ ሁለት ላይ ጽፈሽው የለ?" ብለው ሳቁ። ሳቁን እሳቸውም አልወደዱት መሰለኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "በይ ሂጂና አስፈርሚያቸው።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ጉደር ሄድኩ። ደጃቸው ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። አዴ ጂቱ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ እንደነበረ፣ እሺ ብዬ ሳበቃ ለሰው እንዳሰማሁ።

የያዙትን በቆሎ ጨርሰው ሌላ አነሱ።

"ድምፄ እዚያ ውስጥ አለ?"

"አለ።"

"አሰሚኝ።"

ሰሙት። አላለቀሱም፤ መፈልፈላቸውንም አላቆሙም።

"ይሄ የምትጽፊው የት ነው የሚገባው?"

"ቤተ መጻሕፍት።"

"ሰው ያነበዋል?"

"ያነበዋል።"

"ከየት የመጣ ሰው?"

"ከየትም።"

እጃቸውን አራገፉ። "እንግዲያው ስሙን ጻፊበት። ዓብዲሳ በይ፣ የጉደሩ፣ የጂቱ ልጅ። ያየው ሰው አይጠፋም። አልሞተም በይ። እናቱ ተሳስታ ነው ያለቀሰችው በይ።"

"እጽፋለሁ።"

"አፍሽ ላይ እሺ ትወጃለሽ። በወረቀቱ ላይ እንዳትረሺኝ።"

የፈቃድ ቅጹ ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ቀለሙን በበቆሎ ቅጠል ጠረጉት። ስወጣ አንድ ፌስታል በቆሎ ሰጡኝ።

እንዳሉኝ አባሪ ሦስት ላይ ጻፍኩ። ዶክተር ዘሩባቤል ረቂቁን ሲያዩ ስሙን በቀይ ሰረዙት።

"የጥናት ሥነ ምግባር ደንቡ አይፈቅድም።"

"እሳቸው ናቸው የጠየቁት፣ ዶክተር። የፈረሙት ለዚህ ነው።"

"እሳቸው ደንቡን አያውቁትም። ስም የምንደብቀው ለእነሱ ደኅንነት ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚፈልገው ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። ባውቅም የምናገር አይመስለኝም። ልጁ አልሞተም የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን አልነኩትም። እሱን ዲፌንስ ላይ አስረጂ አሉኝ።

የመጡት የውጭ ፈታኝ ትሑት ሰው ነበሩ። አባሪ ሦስትን ገልጠው፣ በሥራዬ ውስጥ ካለው ሁሉ ይህ አንዱ ግጥም እንደሚበልጥባቸው ተናገሩ። ከዚያ ሠንጠረዡን አሳዩኝ። ለባል የተለቀሰ፣ ለወላጅ የተለቀሰ፣ ለሟች ልጅ የተለቀሰ የሚሉ ሦስት ረድፎች ነበሩት።

"አሥራ ሁለተኛው የትኛው ውስጥ ይግባ? አልሞተም የሚል ነገር አይቻለሁ፤ ግራ ያጋባል።"

የምመልሰውን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። እናትየው ያለቀሱት እኛን መርዶ ነጋሪ አድርገው ስላዩን ነው፤ ግጥሙ የተገኘው በእኔ ዝምታ ነው ይላል። ወረቀቱን ያዝኩት። ክፍሉ ውስጥ አሥር ያህል ሰው ነበር፤ ሁሉም ያዩኛል።

"ለሟች ልጅ" አልኩ።

"ጥሩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጫት።"

አወጣኋት። 'እጅግ በጣም ጥሩ' የሚል ውጤት አገኘሁና ሐምሌ ላይ ተመረቅኩ። ጥራዙ ቤተ መጻሕፍት ገባ። መስከረም ላይ አዴ ጂቱ በአዴ ጉዴ ስልክ ደውለው፣ ሰው እያነበበው እንደሆነ ጠየቁኝ። እያነበቡት ነው አልኳቸው። አመሰገኑኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይደውላሉ፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።