የስፌት መኪና ዘይት

ሕመሙ የተነሳባት ስፌት ቤት፣ የሰው ቀሚስ ዘቅዝቃ ጠርዙን እየሰፋች ሳለ ነው። ከጭኗ አጥንት ተነስቶ ወገቧ ላይ ወጣ። ታውቀዋለች። ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት አድጓል፤ እንዲህ ሲብስባት ደግሞ ማስታገሻው ያለው ሐኪም ቤት ነው። ጥርሷን ነክሳ ታላቅ እህቷ ጋ ደወለች።

"እትዬ፣ ተነሳብኝ። ቶሎ ድረሽልኝ።"

"ምን በላሽ?" አለች እህትየው።

ቆሽቷን የምታሳርራት ይቺው ጥያቄ ናት። የት ጋ አመመሽ የለ፣ አይዞሽ የለ፤ ምን በላሽ። ጣጣው የመጣው ባለፈው የደም ምርመራ ነው። ደሟ ውስጥ አንዱ የስብ ዓይነት ከፍ ብሏል ተባለ። እህትየው ሌላውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ስብ የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ዘይቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ለታናሽየው ለብቻዋ በትንሽ ድስት ድንች በውሃ ይቀቀልላታል። ለጎረቤቱም ለዘመዱም "ሆዳምነቷ ነው የሚያሳምማት" ተብሎ ተነግሯል። ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ስንት ዘመኗ፣ እንደ ሌባ ድመት ትጠበቃለች። ቀሚሷም እየሰፋት በገዛ እጇ ደጋግማ አጥብባዋለች።

እህትየው እያለከለከች ደረሰች። መቼም በመድረሱ አትታማም። ግን ታክሲ በመጥራት ፋንታ ጎንበስ ብላ የታናሽዋን ጣቶች ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

"ዘይት ዘይት ይላል።"

"የስፌት መኪናው ነው፣ እትዬ። ጠዋት ቀብቼው ነው።"

"እኔን አትሸውጂኝም። ለሐኪም ምን ልበል? እውነቱን ተናገሪና እንሂድ።"

ደሟ ፈላ። እግሯ ቢታዘዝላት ጥላት በሄደች ነበር። ሕመሙ ግን ደረቷ ደርሶ ትንፋሿን እየቆራረጠው ስለነበር የምትከራከርበት አቅም አልነበራትም።

"እንቁላል ጠብሼ በላሁ" አለች።

"አላልኩም?" አለች እህትየው፤ ወዲያውም ወጥታ ታክሲ አስቆመች።

ሐኪም ቤት ማስታገሻውና ኦክስጅኑ እንደተጀመረ፣ እህትየው የእንቁላሉን ነገር ለሐኪሟ ዘከዘከችው። ሐኪሟ የቀድሞውን ውጤት አውጥታ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ኮሌስትሮሏ እንዲያውም ዝቅ ያለ ነው። ከፍ ያለው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የስብ ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ይህ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ቅባት ሳያበዙም ከፍ ሊል ይችላል። እንከታተለዋለን። ሕመሟን የሚያመጣው ግን እንደ ማጭድ የተቆለመመው የደም ሕዋስ ደም ሥሯን ሲዘጋው ነው፤ እንቁላል ምን አደረገ? ይልቅ እንዲህ የከሳችው ለምንድን ነው? ደግሞስ ደረቷን እስኪይዛት ምን ስትጠብቁ ነበር?"

እህትየው ሐኪሟ ስትወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እውነት እንቁላሉን በልተሽዋል?"

"አልበላሁም።"

"ታዲያ ለምን በላሁ አልሽኝ?"

"እዚህ እንድታመጪኝ።"

የእህትየው ዓይን እንባ ሞላ። "እኔ እኮ እንዳትሞችብኝ ብዬ ነው።"

ታናሽየው ይህንንም ታውቃለች፤ ይበልጥ ያንገበገባትም እሱ ነው። እህቷ ክፉ ብትሆን ኖሮ ጥላት ወጥታ ትገላገል ነበር። የኦክስጅኑን ጭምብል ከአፏ ገለጥ አደረገች።

"አውቃለሁ፣ እትዬ። እኔም የዋሸሁሽ እንዳልሞት ብዬ ነው።"