አክሊሉ ያጨሰባቸው ዓመታት

ሽማግሌው ወልደ ማርያም ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነበር። ጆሯቸው ስለደከመ ግን ሹክሹክታቸው የለቅሶውን ድንኳን አቋርጦ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ሰሌን ደረሰ።

«አክሊሉ ሲጃራ የአንጎል ደም ስር ያበላሻል እያለ ስንት ዓመት ጨቀጨቀኝ። ይኸው እኔ ሰባ ሞልቶኝ አጨሳለሁ። እሱ አንድ ቀን እንኳ ሳያጨስ በአርባ አምስት ዓመቱ የአንጎሉ ደም ስር ተዘግቶ ሞተ። ታዲያ ትምህርቱ ምን ፈየደ?»

አጠገባቸው የነበሩት ሁለት ነጋዴዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣቢታ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ባሏ አክሊሉ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ለሰባት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሯል፤ ከፎንቆና ከጃጁራ በእግራቸው የመጡ ተማሪዎቹ ድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል። እነሱም ሰምተዋል።

አክሊሉ ያጨስ ነበር። ይህን የሚያውቁት እሷና ታላቅ ወንድሙ ኤሊያስ ብቻ ናቸው።

ዱራሜ ሲያስተምር ከቤታቸው ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ገብቶ ያጨስ ነበር። በ1971 ክረምት ለኮርስ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ የራት ገበታው ላይ በከሰል ይሥልላት ጀመር።

«የጥንቸል የራስ ቅል ላይ ትንሽ መስኮት ከፍተው አሳዩን። አንዱን ነርቭ በቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ሲነኩት፣ አንጎሏ ላይ ያሉት ደም ስሮች ሰፋ ሰፋ አሉ። ብታዪው ጣቢታ! አንጎል ደም ሲፈልግ ነርቩ ይጣራል፣ ደም ስሩ ይከፈታል። ቀጥሎ ለሳምንታት ኒኮቲን፣ ሲጃራ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ ሲሰጧት የከረመችውን ሌላ ጥንቸል አመጡ። ያንኑ ነርቭ ነኩ። ደም ስሩ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል።»

ከዚያ በኋላ ራቱን ሳይነካ ገበታውን ገፋ።

ሲጃራውን ለመተው የፈጀበትን ጊዜ ጣቢታ አትረሳውም። በትንሽ ነገር ይቆጣና ወዲያው ይቅርታ ይጠይቃት ነበር። ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ሁለቱንም ጊዜ እሷ ሳትጠይቀው መጥቶ «አጭሻለሁ» አላት። በሦስተኛው ተወ። ወደ ሆሳዕና ሲዛወሩ፣ አባቷ ወንጌላዊ ስለሆኑ፣ ይህን ለማንም እንዳያወራ ለመነችው። ከብዶት ነበር፤ ግን ቃሉን ጠበቀ።

ባለፈው ሳምንት፣ ግማሽ ፊቱ ሽባ ሆኖ፣ ከገባላት ቃል እንድትፈታው ለመናት። ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ለመናገር ረፋዱን ሙሉ ፈጀበት። «በሲጃራው ይሁን በሌላ በእርግጠኝነት አላውቅም። ግን አጭሻለሁ። ከደበቅሽው፣ ተማሪዎቼ ከሞቴ የተሳሳተ ነገር ይማራሉ።»

ጣቢታ ተነስታ በድንኳኑ ጠርዝ ወደ ኤሊያስ ሄደች።

«ጋሼ፣ ልንገራቸው።»

ምን ለማለት እንደፈለገች ወዲያው ገባው። «በለቅሶ መሃል? የእኔ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው፣ ወንድም አጫሽ ነበር ብለሽ? አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ልታጎድፊው?»

«እኔ ነኝ ያስደበቅኩት። እሱ አንድ ቀንም መደበቅ አልፈለገም።»

ኤሊያስን ሳትጠብቅ ወደ ወልደ ማርያም ዞረች።

«ጋሽ ወልደ ማርያም» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አክሊሉ አሥራ ስምንት ዓመት አጭሷል። ለክብራችን ፈርቼ አትንገር ያልኩት እኔ ነኝ። ያስተማራችሁን በጥንቸል አንጎል ላይ በዓይኑ አይቶ፣ በራሱም ላይ ፈርዶ ሲጃራውን ትቶ ነው። ከመሞቱ በፊት ንገሪልኝ ብሎኛል።»

በሩ ላይ ካሉት ተማሪዎች አንዲቷ አለቀሰች። ወልደ ማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አሥራ ስምንት ዓመት?» አሉ። «እንዴት አድርጎ መተው ቻለ?»

«መጀመሪያ አልቻለም ነበር። ሁለቴ ወድቆ ተነሳ።»

«እኔ ሳጨስ አጠገቤ ተቀምጦ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ አንድ ይስጡኝ አላለኝም» አሉ ሽማግሌው። «እኔ እኮ ሲጃራን የማያውቅ ሰው የሚመክረኝ መስሎኝ ነበር።»

ኤሊያስ ተነስቶ መጣ። የሚቆጣት መስሏት ተሸማቀቀች። እሱ ግን ፊቱን ወደ ተማሪዎቹ አዙሮ፣ «ወንድሜ ከእኔ ይበረታ ነበር» አለ።

የእድሩ ሰዎች ጸሎት ጀመሩ። ጣቢታ ወደ ሰሌኑ ተመልሳ ተቀመጠች። ታሞ በተኛበት ሳምንት ሁሉ በዚህ ሰዓት የአክሊሉን የማይሰማ ቀኝ እጅ ከጣቱ እስከ ክርኑ ታሽለት ነበር። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ፣ ግራ እጇ ሳታዝዘው ሄዶ የራሷን ቀኝ እጅ ያዘ፤ ከጣቶቿ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ማሸት ጀመረ።