በአንድ ኢሜይል

ቅዳሜ ከሰዓት ሶሬቲ ከሁለተኛ ፎቅ ወጥታ በሩን ስታንኳኳ፣ አስቴር ሳፋ ላይ አጎንብሳ በአንድ እጇ ልብስ እያሸች ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው በአንድ ሰሞን ነው፤ ጨውም በርበሬም ይበዳደራሉ። ሌላ ጊዜ ደረጃው ላይ ሆና ወሬ የምትጀምረው ሶሬቲ፣ ዛሬ ዝም ብላ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

«አስቱ፣ እስቲ ተቀመጪ።»

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። ስልክ ገዝቼ የለ? መካኒሳ፣ ሃምዛ ጋ። አንቺው ነሽ የጠቆምሽኝ።» ስልኩን ከሹራቧ ኪስ አወጣች። «የኔ ያልሆነ ፎቶ ሞልቶበታል። ይሄ መጋረጃ የናንተ አይደል?»

አስቴር አየች። ፎቶው ላይ ፊት የለም። የሴት ደረት ነው፤ በቀኝ በኩል ጡት አለ፣ በግራ የለም። በጡቱ ቦታ ከብብት ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ ስፌት ይታያል። ከኋላ ያለው ቢጫ አበባ ያለበት መጋረጃ ደግሞ፣ ለበዓል ታጥቦ በረንዳ ላይ ሲሰጣ ብሎኩ ሁሉ ያደነቀው የእሷው መጋረጃ ነው።

መጮህ ነበረባት፤ ቢያንስ መቀመጥ። ምንም አልተሰማትም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግራ ብብቷ ሥር ደንዝዟል፣ ቢቆነጥጧት አታውቅም፤ አሁን ድንዛዜው ወደ ላይ ወጥቶ ፊቷን ሁሉ የያዘው መሰላት።

«አዎ፣ የኛ ነው» አለች፤ ስለ መጋረጃ ብቻ የተጠየቀች ይመስል።

«ለማንም አልተናገርኩም፤ በልጆቼ እምላለሁ!» ብላ ሶሬቲ ማልቀስ ጀመረች። አባባይዋ አስቴር ሆነች። ውሃ ሰጠቻት፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፣ እስከ ደረጃው ሸኘቻት።

የአስቴር ነገር እንዲህ ነው። ባለቤቷ አባይነህ በጉበት በሽታ ሲሞት ልጃቸው ኢያቄም ስምንተኛ ክፍል ነበር። «አባባ ደክሞት ነው» እየተባለ ከርሞ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ብሎኩ ሥር ድንኳን ተተክሎ አገኘ። መቼም የኛ ሰው መርዶ ላይ ጥበበኛ ነኝ ይላል፤ ለልጅ አይነገርም፣ ለታማሚው አይነገርም፣ በመጨረሻ ድንኳኑ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ቀና ብሎ የሚያይ ሆነ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ፈተናው ደርሷል። ስለዚህ ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘ ዕለት አስቴር ማለች፦ ኢያቄም ፈተናውን ሳይጨርስ ይህን አይሰማም።

ሆስፒታል ስትገባ «ለስልጠና አዳማ ልሄድ ነው» አለችው። የመንግሥት ሠራተኛ ስልጠና ሄደ ሲባል ማን ምን ብሎ ይጠይቃል? ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለጸሎት አላቀረበችውም፤ ጀሞ ውስጥ የጸሎት ርዕስ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ዝም አይነቅዝም ብላ የሆዷን በሆዷ ያዘች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሐኪሙ «ሌላ ቦታ አልሄደም፤ ነቅለን አውጥተነዋል፤ ክኒንሽን ዋጪ» ሲላትም ደስታዋን ይዛ በታክሲ ዝም ብላ ተመለሰች። መዳኗን ለመናገር መጀመሪያ መታመሟን መናገር ነበረባት።

ፎቶዎቹን ያነሳችው ቁስሉን የምትከታተለው ነርስ «አይመላለሱ፣ በቴሌግራም ይላኩልኝ» ስላለቻት ነው። ፊቷ እንዳይታይ ተጠንቅቃለች፤ ስልኳንም ቆልፋዋለች። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይጠነቀቃል ብላ ነበር።

ልብሱን ሳፋው ውስጥ እንደነበረ ትታ ነጠላዋን ጣል አደረገችና ወደ መካኒሳ ሄደች።

ሃምዛ ክፉ ልጅ አይደለም። ስልክ ይሸጣል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ ቴሌግራም መክፈት ለማያውቅ ሁሉ ይከፍታል። ነገሩን ስትነግረው መፍቻውን አስቀመጠ።

«እትዬ አስቴር፣ ለደንበኛ ሁሉ በኔ ኢሜይል ነው የምከፍተው። ሰዉ ኢሜይል የለውም፣ ቢኖረውም ፓስዋርዱን ይረሳል። ሲረሳ ስልኩ ይቆለፍበትና እኔ ላይ ይጮሃል። በአንድ ሲሆን እኔ ሁሌ እከፍትላቸዋለሁ።»

«ፎቶውስ?»

ሃምዛ አንገቱን አከከ። «ፎቶው… ስልኩ ያነሳውን ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ኢሜይሉ ይልካል። በዚያው ኢሜይል የተከፈተ ስልክ ሁሉ ያየዋል። ይሄን አላሰብኩትም። ወላሂ አላሰብኩትም።»

አስቴር ያኔ አስታወሰች። ስልኩን ከገዛች ጀምሮ የማታውቃቸው ፎቶዎች ነበሩበት፤ ሙሽራ፣ የታሰረ በግ፣ የሆነ ሰው መታወቂያ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን። ከስልኩ ጋር የመጡ መስለዋት ነበር፤ የፎቶ ፍሬም ሲገዙ ውስጡ የሚስቅ የፈረንጅ ቤተሰብ እንደሚኖረው ማለት ነው። ሕፃኗን ወድዳት ነበር፤ ሲከፋት እያወጣች ታያት ነበር። ይህችም እናት ያላት፣ መካኒሳ ወይም ጎፋ የምትኖር ልጅ መሆኗ አሁን ገባት።

«አጠፋዋለሁ» አለ ሃምዛ። «ከሁሉም ስልክ ላይ ይጠፋል። ቀድቶ ያስቀመጠ ካለ ግን እሱን አልችልም። የትኞቹ እንደሆኑ… ያሳዩኝ።»

ስልኩን ባንኮው ላይ አኖረላት። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ አንዱ በቻርጀር ዋጋ ይከራከራል። አስቴር በጣቷ እየነካች «ይቺን። ይቺንም። ይቺንም» አለች፣ ሽንኩርት የምትመርጥ ትመስል ነበር። ሃምዛ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ በተጠራ ቁጥር ብቻ ተመልሶ ይጫናል። ያፈረው እሱ ነው። አስቴር መቼ እንደምታፍር ትጠብቅ ነበር፤ አልመጣላትም።

ሲጨርሱ በስሟ አዲስ ኢሜይል ከፈተላት፣ ፓስዋርዱንም ራሷ እንድትጽፈው አደረገ። ስትወጣ ተጣራ።

«እትዬ፣ ሌላኛውንም ሰሞኑን ያምጡትና እለየዋለሁ።»

«የቱን ሌላኛ?»

«የኢያቄምን። አብራችሁ መጥታችሁ አይደል የገዛችሁት? እሱንም በዚያው ነው የከፈትኩት።»

በታክሲው ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሁለቴ ጠየቃት። የሰጠችው ሲጠይቃት አልነበረም፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ በክርን ሲነኳት ነው።

ቤት ስትደርስ ኢያቄም የኬሚስትሪ መጽሐፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሳፋው ባዶ ነው፤ ጀምራ የተወችውን ልብስ አጥቦ በረንዳ ላይ አስጥቶታል። ከ«ስልጠናው» ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ነው፤ የውሃ ጀሪካንም አያስነካትም። ልጄ አደገ እያለች ሶሬቲ ላይ ስትኮራበት ከርማለች።

ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ኢያቄ፣ ስልክህ ላይ የኔን ፎቶ አይተሃል?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀና አላለም። «አዎ።»

«መቼ?»

«ከአዳማ የመጣሽ ሰሞን። ፈልጌ አይደለም እማ፣ በራሱ መጣ።»

«ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?»

«አንቺ አልነገርሽኝማ። እንዳላውቅ ፈልጋ ነው ብዬ ነው።» መጽሐፉን ከደነው። «ፈተና አልሄድም።»

«ምን?»

«ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው የምንፈተነው። ስልክ አያስገቡም። እኔ እዚያ እያለሁ ብትሞቺስ?»

አስቴር ይህን ሁሉ ወር የደበቀችው ለዚህ ፈተና ነበር። ፎቶው ሾልኮ ልጇ ጋ ደርሷል፤ የሐኪሙ ቃል ግን እሷ ሆድ ውስጥ ቀርቷል።

«አልሞትም፣ የኔ ጌታ። ሐኪሙ ነቅለን አውጥተነዋል ብሎኛል። ድኛለሁ። እውነቴን ነው።»

ኢያቄም አሁን ቀና ብሎ አያት። ለረጅም ጊዜ አያት፤ እንደ ድሮው ሰው ሲያስነጥስ እንደሚያየው አይደለም። ዕቃ ገዝቶ እንደተታለለ ሰው ነው።

«አባባም ደክሞት ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

አስቴር ስልኳን አወጣችና የነርሷን ቁጥር ደውላ ሰጠችው። «እኔን ተወኝ፤ ራስህ ጠይቃት።»

ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ወዲያ ማዶ ሴትዮዋ «ሃሎ፣ እትዬ አስቴር?» ስትል ይሰማል።

«ልጇ ነኝ» አለ ኢያቄም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። እማ አትነግረኝም።»

አስቴር አጠገቡ ቆማ ሰማችው። ይሄኛው አመማት።