የወይዘሮ ውድነሽ ከረጢቶች

ከወይዘሮ ውድነሽ ዓይኖች ስር በቀዶ ጥገና የወጡት ሁለት ከረጢቶች፣ በባሏ ለቅሶ ቀን በሌላ ሴት ፊት ላይ ሆነው መጡ።

ያስወጣቻቸው ለእህቷ ልጅ ሠርግ ብላ ነበር። ሐኪሙ ዶክተር አብነት መንገዱ ሁለት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳት። አንደኛው ከሽፋሽፍቷ ስር በውጭ ቀዶ ስቡን ማውጣትና የተረፈውን ቆዳ መከርከም ነው። ሁለተኛው የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ በውስጥ መግባት ነው፤ ጠባሳ አይተውም።

«በውስጥ ይሁንልኝ» አለች። «የሠርግ ቤት አፍ ምን እንደሆነ አያውቁም ዶክተር።»

ፊቷ እንደ ተተኮሰ ሻሽ ልሙጥ ሆነ። ሠርገኛው ሁሉ አደነቃት። ባሏ አቶ ገድሉ ግን ትኩር ብሎ አያትና «የት አደረግሻቸው?» አለ፤ መነጽሩ የጠፋበት ሰው ይመስል።

«አስወጣኋቸው።»

«ሳትነግሪኝ?»

ከዚያ ወዲያ ማምሸት ጀመረ። ወይዘሮ ውድነሽ ሴት ጠረጠረችና ሸሚዙን አሸተተች። የሸተታት የራሷ የፊት ቅባት ነበር። በዚህ ተጽናናች። ብዙም ሳይቆይ አቶ ገድሉን ደም ግፊት ጣለው፤ ሞተ።

ድንኳን ተተከለ። ወይዘሮ ውድነሽ ከልቧ አለቀሰች፤ ፊቷ ግን አልተባበራትም። እንባው የሚያርፍበት አጥቶ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ፊቷ ጠግባ የተኛች ሴት ፊት እንደሆነ ቀረ።

«ሐዘን የተስማማው ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ ጎረቤቷ እትዬ አሰገደች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ግን ብዙም ዝቅ ሳያደርጉ።

በዚህ መሐል አንዲት ቀጭን ሴት ጥቁር ለብሳ ገባች። ከዓይኖቿ ስር ሁለት የሞሉ፣ የከበዱ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። ድንኳኑ ባንድ ድምፅ ዋይ አለ። የዕድሩ ዳኛ ራሱ ተነሥቶ ከፊተኛው ፍራሽ ላይ አስቀመጣትና «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ሰው ሁሉ እየዞረ እሷን ማጽናናት ያዘ።

ወይዘሮ ውድነሽ የግራው ገዘፍ ማለቱንና ማርያም የሳመችውን ጥቁር ነጥብ ስታይ አወቀቻቸው። ተጠጋቻት።

«እነዚህ የኔ ናቸው።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለች ሴትዮዋ። ስሟ ትርሲት ነበር። «አንድ ጧት ስነሣ ፊቴ ላይ አገኘኋቸው። ያን ዕለት ማታ አቶ ገድሉ መጥተው በሬን አንኳኩ።»

«መጥቶስ?»

«እሳቸው እነሱን ያያሉ፣ እኔ ሻይ አፈላለሁ። አንዳንዴ በአውራ ጣታቸው ደበስ ያደርጓቸውና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

«ስለኔ ምን ይል ነበር?»

«የሚያወሩት ስለ እርስዎ ብቻ ነው። የኔን ስም እንኳ አልጠየቁኝም» አለችና ትርሲት አምርራ አለቀሰች።

ሌላ ሚስት ብትሆን ይህ ያጽናናት ነበር። ወይዘሮ ውድነሽን ግን አንጀቷን አቃጠላት። ባሏ የሄደባት ከሰው ጋር ቢሆን ፀጉር ትነጭ ነበር፤ የሄደባት ከገዛ ስቧ ጋር ነው።

«ለአርባው እኔ ፊት ላይ መሆን አለባቸው» አለች። «በገዛ ባሌ ለቅሶ እንግዳ ሆኜ አልቀርም።»

«ይውሰዷቸው። እኔ ግን ለአርባው ልምጣ።»

«ነይ። ጥግ ትቀመጫለሽ።»

ዶክተር አብነት ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛቸው።

«አሁንስ በየት በኩል?»

«በውጭ! ጠባሳው ይታይ፣ አገር ይየው።»

«ስቡን ወደ ጉንጭዎ ዝቅ አድርጌ ብዘረጋው ያምራል።»

«እንዳይነኩት! ግራው እንደነበረ፣ ገዘፍ ብሎ።»

«ይሁን» አለና ጓንቱን አጠለቀ።

በአርባው ለቀስተኛው የወይዘሮ ውድነሽን ፊት ሲያይ ደረቱን ደቃ።

«አሁን ባል የሞተባት መሰልሽ!» አሉ እትዬ አሰገደች፣ እውነተኛ ደስታ ተሰምቷቸው።

ትርሲት ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ልሙጥ ነው፤ ዞሮ ያያት የለም። ወይዘሮ ውድነሽ ግን አየቻት፤ ቀንታ እንደሆነ ለማወቅ ደጋግማ አየቻት። እንባው የመጣው ያኔ ነው። ዓይኗ ደርቋል፤ የሚፈስሰው ከስፌቱ ነበር። ጉንጯ ላይ ሲደርስ ወደ አገጯ አልወረደም፤ ታጠፈ። በጆሮዋ ስር አለፈ፣ በትከሻዋ ወረደ፣ ምንጣፉን ይዞ ወደ ጥጉ አመራ። ከረጢቶቹን በሁለት እጇ ጫን ብላ ያዘቻቸው፤ በጣቶቿ መሐል ሾልኮ ሄደ። ለቀስተኞቹ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እግራቸውን አነሣ እያደረጉ አሳለፉት።

ትርሲት መዳፏን መሬት ላይ ዘርግታ ትጠብቀው ነበር።