የብርቅነሽ እጅና የኦቨኑ ሴንሰር

1.

ማዞሪያው መቶ ሰማንያ ላይ። ውስጡ መቶ አርባ።

2.

ቴርሞሜትሩን ኦቨኑ ውስጥ ያስቀመጠችው ፍሬሕይወት ናት። እሑድ የልጇ ክርስትና ነው፤ "ድፎውን እናቴ ብርቅነሽ ካልደፋችው ሞቼ እገኛለሁ" ብላለች። እናት ደግሞ "ከዳቦ ቤት እዘዙ፤ የኔ እጅ ጠፍቷል" ብላ ቁጭ።

3.

እጅ የጠፋበት ቀን፦ እንቁጣጣሽ፣ 2013።
የዳቦው ሁኔታ፦ ዳሩ አምሮ መሃሉ ሊጥ።
የተገኙ እንግዶች፦ አሥራ አንድ።
ከእንግዶቹ ፊት የተናገረው፦ ባሏ አቶ ወንድይፍራው።
ያለው፦ "ኧረ ብርቄ! እጅሽም ከጠፋ ምን ቀረሽ?"
ሳቅ፦ ነበር።
ከዚያ ወዲህ የተቦካ ሊጥ፦ የለም።

4.

ወንድይፍራው ሠላሳ ዓመት የስልክ ገመድ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ ያልፈታው ነገር የለም፤ አንዳንዱንም መልሶ ገጥሞታል። ይቅርታ የምትባለዋን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው ግን ይኸው ይህን መጻፍ ከጀመርኩ አንስቶ ባፈላልግ አላገኘሁም።

5.

ቴርሞሜትሩን ያየው ወንድይፍራው እንዳደረገው፣ እንዲህ አድርጉ።

ብሬከሩን አጥፉ። ኦቨኑን ከግድግዳው ሳቡና የጀርባውን ቆርቆሮ ፍቱ። ብሎኖቹን ሲኒ ውስጥ አኑሯቸው፣ አለዚያ ይጠፋሉ። ሴንሰሩ እንደ እርሳስ የቀጠነ ዘንግ ነው። ነቅላችሁ ሁለቱን ጫፎች በቴስተር ለኩ። ኦቨኑ ቀዝቃዛ ከሆነ አንድ ሺህ ዘጠና ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ሲሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል።

ያሳየው፦

1240።

6.

ነገሩ ቀላል ነው። ሴንሰሩ ሳይሞቀው ሞቀኝ ይላል፤ ኦቨኑም አምኖት እሳቱን ቀድሞ ያጠፋል። ዳቦው ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

"የሷ እጅ አልነበረማ!" አለ ወንድይፍራው ብቻውን። ደስ አለው። ሮጦ ሊነግራት ብድግ አለ።

7.

ሽቦው ላይ የተጠቀለለ ነገር ዓይኑ ገባና ተቀመጠ።

8.

ገመድ ቀጣዮች አንድ ልማድ አላቸው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ስማቸውንና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው፣ በሚለጠፍ ናስትሮ ገመዱ ላይ ይጠቀልሏታል፤ ነገ ቢበላሽ ማን እንደሠራው እንዲታወቅ ነው። የሴንሰሩ ሽቦ ላይ ናስትሮ ነበር። ፈታው።

ወ.ታ. 3/10/12

9.

ሰኔ ሦስት፣ 2012። ከዚያ እንቁጣጣሽ ሦስት ወር ቀደም ብሎ።

የድሮው ሴንሰር ሲሰበር፣ ጎረቤት ከጣለው ኦቨን ፈቶ የገጠመው ራሱ ነው። ሳይለካ። "ያው ነው" ብሎ። እናንተዬ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይለካ አንድ ገመድ ያልቀጠለ ሰውዬ፣ ለሚስቱ ሲሆን "ያው ነው"! እኔ ተናደድኩ። እሱ ግን ከኔ ባሰ፤ አፈረ።

10.

አዲስ ሴንሰር ገዝቶ መጣ። ከመግጠሙ በፊት ለካው፤ 1088። ገጠመ። ኦቨኑ መቶ ሰማንያ ሲባል መቶ ሰማንያ ገባ።

ወረቀቷ ኪሱ ውስጥ ናት።

11.

የተባለው ቃል በቃል፦

ብርቅነሽ፦ ተሠራ?

ወንድይፍራው፦ ተሠራ። ሴንሰሩ ነው። ብርቄ፣ እጅሽ ደኅና ነበር።

ብርቅነሽ፦ (ወንበር ስባ ተቀመጠች) አራት ዓመት የገዛ እጄን ስረግም ኖርኩ እኮ!

ወንድይፍራው፦ (እጁን ኪሱ ከተተ)

ብርቅነሽ፦ ለመሆኑ ይህን ጉድ ማነው የገጠመው?

12.

ወረቀቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ብርቅነሽ የባሏን ጽሕፈት ታውቀዋለች። ሁለቴ አነበበችው።

"በጽሑፍ አየሁት" አለች። "ያን ቀን ግን ሰው ፊት፣ በአፍህ ነበር የተናገርከው። እሑድም ሰው ይኖራል።"

ተነስታ ዱቄት መንፋት ጀመረች።

13.

ቀን፦ እሑድ፣ የክርስትናው ዕለት።
የዳቦው ሁኔታ፦ መሃሉም በስሏል።
የተገኙ እንግዶች፦ ሠላሳ ሁለት። የያኔዎቹ አሥራ አንዱም አሉ።
ከእንግዶቹ ፊት የተነሳው፦ ባሏ አቶ ወንድይፍራው።
ያለው፦ "ይቅርታ፣ ብርቄ። ሴንሰሩን ሳልለካ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ የጠፋው የኔ እጅ ነበር።"