ደኅና ናት

ደርቤ ከአምባራስ እስከ ደባርቅ ሚስቱን ያለምወርቅን ሲያስጠነቅቅ ነው የመጣ። «እኔ እመልሳለሁ፤ አንቺ ልጅቱን ያዥ።»

ልጅቱ ሕሊና ሰባት ዓመቷ ነው። ደባርቅ የተከፈተው የሕፃናት ማገገሚያ ይቀበላት እንደሆነ የምትወስነው ዶክተር ሃና፣ ማገገሚያውንም ቤተሰቡንም የማታውቅ፣ ለዚሁ ምርመራ ከጎንደር የመጣች ናት። ቦታው ጥቂት ነው። የምርመራ ክፍሉ በር አይገጥምም፤ ተራ ጠባቂው ከደጅ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ከመካከሉ የአምባራሱ አሻግሬ፣ ወሬ ከሩቅ የሚሸተው፣ አለ።

«ሕሊና እንዴት ናት?» አለች ዶክተሯ ደርቤን።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት።»

«ትናገራለች?»

«ስሙ ይመስገን፣ የልቧን ታስረዳለች።»

«ሰው ትመታለች? ራሷንስ ትጎዳለች?»

«ኧረ ጨዋ ናት! የጨዋ ልጅ!»

ከደጅ አሻግሬ ጉሮሮውን ጠረገ። የደርቤ ጆሮ ጋለ።

መዋሸቱ አልመሰለውም። ሰው እንዴት ነህ ሲልህ በሽታህን አትዘረግፍበትም፤ አስቀድመህ ታመሰግናለህ። እንዲያ ነው ያደገ። ሕሊናም መንገዱ አድክሟት፣ እናቷ ጉያ ውስጥ ጸጥ ብላ የነጠላውን ጥለት በጣቷ ታሻለች።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «እንዲህ ከሆነችማ፣ ጋሼ ደርቤ፣ ቦታው ለባሰበት ልጅ ይሁን።»

ያለምወርቅ አልተቆጣችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደርቤ፣ አሁን እግዜርን ነው ያመሰገንኸው ወይስ ልጄን ነው የደበቅሃት?» አለችው።

ደርቤ በሩን አየ። በበሩ ክፍተት አሻግሬም እሱን አየው።

«ደኅና አይደለችም፣ ዶክተር» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «አንዲት ቃል ካፏ አይወጣም። ትነክሳለች። ራሷን ከምሰሶ ታላትማለች። እንግዳ ሲመጣ… ጓዳ እዘጋባታለሁ።»

«እንዳትጎዳ ብለው ነው?»

«አይ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እኔ እንዳላፍር።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው እንነሣ» አለች ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ልጅቱ እየሳበች።

ምርመራው ረዘመ። ሕሊና ጮኸች፤ የሐኪሟንም እጅ ነከሰች። ደርቤ ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት፣ «ይተዉ፣ ልጅቱ እውነቷን እየነገረችኝ ነው» አለችው። በመጨረሻም ሰኞ ከእናቷ ጋር እንድትገባ ተወሰነ።

ሲወጡ አሻግሬ ተነሥቶ ለያለምወርቅ ቦታ ለቀቀላት። «እግዜር ይማራት፣ ደርቤ።»

ደርቤ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ «ምን ሆነችና?» ብሎ አፉን ያስዘጋው ነበር።

«አሜን» አለ፤ ቀና ግን አላለም።