የዲቦራ ክብ ወንበር

ለጸሎት ዙሙ ተከፍቶ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ፊት ብቅ ብቅ ሲል የመሪያቸው የህሊና ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው የዲቦራ ወንበር ላይ ነው። ባየችው ቁጥር ቅናት ያንገበግባታል።

ወንበር ከተባለ። እንደ ኳስ ድብልብል ያለ፣ ውጭው ነጭ፣ ውስጡ ብርቱካናማ፣ በአንዲት እግር ቆሞ እንዳሻው የሚሽከረከር ነገር ነው። ዲቦራ የምትሠራበት ሆቴል ኮሮና ገብቶ ሎቢውን ሲያፈርስ በርካሽ ገዝታ ዓረብ አገር፣ አል ማምዛር ሰፈር ያለው ቤቷ አስገባችው። ንድፉ ከዛሬ ስድሳ ዓመት በፊት፣ ሰው ጨረቃ ላይ ካልወጣሁ ሲል በነበረበት ዘመን የወጣ ነው።

«የዚያን ጊዜ ሰዎች የእኛን ዘመን እያለሙ የሠሩት ነው» ብላ ነበር ዲቦራ። «እኛ ደረስን፤ እሱ ግን አሁንም ገና የሚመጣ ይመስላል።»

እውነትም ያምራል። ህሊናን ያንገበገባትም ማማሩ ነው፤ የሰሞኑ ፋሽን ቢሆን ያልፍበታል ብላ ትጽናና ነበር።

ህሊና ከምትሠራበት አየር መንገድ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥታ፣ አል መጃዝ ሰፈር ባለች ጠባብ ባለ አንድ ክፍል ቤቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው ጸሎቱን የምትመራው። የእህቶችን ጸሎት ሦስት ዓመት መርታለች። ሥራው ቆሞ የጸሎት አዳራሹም ከተዘጋ ወዲህ የቀራት ክብር ይኸው መሪነት ብቻ ነበር። አሁን ግን እሷ ቃል ስታካፍል ሁሉም የሚያየው ብርቱካናማውን ነው። አንዳንዶቹማ ዲቦራ ለምን አትመራንም ማለት ጀምረዋል።

በሰኔ ወር በአንዱ ዓርብ ህሊና ቆረጠች። የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አንዲት እህት አለች። ልቧ በአንድ ወንበር ታስሯል። ስትጸልይም የምታስበው እሱን ነው። ጌታ እንዲፈታት እንጸልይላት።»

ስም አልጠራችም፤ ማን እንደሆነች ማንም ይገባዋል ብላ ስክሪኑ ላይ ዲቦራን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ዲቦራ አላፈረችም። ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከችና ያችን እህት እንዲያስባት እያለቀሰች ጌታን ለመነች። ሌሎቹም ተከተሏት። ህሊና ተሳካልኝ አለች በልቧ።

ስብሰባው ካበቃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዲቦራ ደወለች።

«ህሊናዬ፣ ይቅር በይኝ። ይሄን ያህል መታሰርሽን አላወቅኩም ነበር። በሁላችን ፊት መናገርሽ ግን ትልቅ ነገር ነው።»

ህሊና ክው አለች። በኅብረታቸው የራሷን ጉድ ለመናገር ያፈረች ሁሉ የምታስጸልየው «አንዲት እህት አለች» እያለች ነው። አምና እንቅልፍ እምቢ ሲላት እሷም እንደዚያው ብላ አስጸልያ ነበር። ቅናቱ አሳውሯት ነው እንጂ ይህ የሚረሳ ነገር አልነበረም።

ዲቦራ ቀጠለች። እህቶች ተደዋውለው፣ ህሊና እስክትበረታ ድረስ ጸሎቱን ዲቦራ እንድትመራ ተስማምተዋል። ወንበሩን ደግሞ ነገ በፒካፕ ትልክላታለች፤ እህቷ እያየችው እየተቃጠለች እሷ ከእንግዲህ አትቀመጥበትም።

ህሊና «ያልኩት አንቺን ነው» ብትል ሐሜተኛ ልትባል ነው። «እኔ አይደለሁም» ብትል ደግሞ ውሸት ነው፤ ያንን አሁን ነው ያወቀችው። ለመሪነቷ የምትሟገትበት ቃል እየፈለገች ሳለ ዓይኗ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይለካ ነበር።

«በሊፍት ይገባል?» ብላ ጠየቀች።